የአልፋዋ ቀለም

ኃይለየሱስ የመኪናዋን ኮፈን በደረቅ ጨርቅ እየወለወለ ሳለ የጋራዡ በር ተንኳኳ። ሊከፍት አልፈለገም። የናዝሬት ነፋስ ዝናብ ባባራ ቁጥር አቧራ ፍለጋ እንደሚዞር ያውቃል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ለቀለም የተዘጋጀ ላሜራ ያበላሻል።

"ማነው?"

"ገርባ ነኝ።"

የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር። ለቀበሌ ሊቀ መንበር በር አይዘጋም። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውሃ ሲያርከፈክፉ የነበሩት ቀለም ቀቢው ጋሽ ፈይሳ በሩን ገርበብ አድርገው አስገቡት።

"አካም ቡልቴ ገርባ? ቶሎ ግባ፤ ነፋሱን ይዘህብን እንዳትመጣ።"

ገርባ ገብቶ ቆመና ፈገግ አለ። ጋራዡ መሀል ያለችው ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ አልፋ ሮሜዮ ነበረች። ሞጆ ላይ ጋራዥ የነበረው ጣሊያን አብዮቱ ሲፈነዳ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ "ካስነሳሃት ያንተ ናት" ብሎ ለሠራተኛው ለኃይለየሱስ ትቶለት የሄደ መኪና ናት። ያኔ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ነበር። ኃይለየሱስ በሥራ ቀን የሰው የጭነት መኪና ይጠግናል፤ እሑድ እሑድ የእሷን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም፣ ዝገት የበላውን ላሜራ ቆርጦ ሲበይድ ዓመታት አለፉ። ፍሬኗን ከአሮጌ ፊያት አውጥቶ አስማማው። ወንበሮቿን ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ተሻለች በስፌት መኪናዋ አለበሰቻቸው። አሁን የቀረው ቀለም ብቻ ነው። እሱም አስመራ በሚመላለስ ሾፌር በኩል መጥቷል፦ ደማቅ ቀይ።

"ቀይ ነው አይደል የምትቀባት?" አለ ገርባ።

"ቀይ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣም ቀይ ነበረች።"

"በጣም ጥሩ። እንግዲህ መስከረም ሁለት የቀበሌያችንን ሰልፍ የምትመራው እሷ ናት። ከፊት ባንዲራ፣ ከኋላ መፈክር። ኮሚቴው ተስማምቷል። ከዚያ በኋላ ለሠራተኞች ቀን፣ ለሴቶች ቀን... ቀይ መኪና ያለው ቀበሌ በከተማው እኛ ብቻ ነን።"

ኃይለየሱስ ጨርቁን አጣጠፈው።

"ጓድ ገርባ፣ ይቺ መኪና በዝግታ መሄድ አትወድም። ቀኑን ሙሉ በሰው እርምጃ ከሄደች ፍሪሲዮኗ ይቃጠላል።"

"ትለምደዋለች። እኛስ ለምደነው የለም እንዴ?" አለ ገርባ። ያለው ነገር ጆሮው ሲደርስ ሳል ቢጤ ሳለና ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ተሻለች ጨጨብሳ ይዛ ስትመጣ ባሏ የቀለሙን ጣሳ ፊት ለፊቱ አድርጎ ተክዟል። ምን እንደተፈጠረ ጋሽ ፈይሳ ነገሯት።

"ሌላ ቀለም ቀባት ብዬው ነበር። አረንጓዴ አልኩት፤ የጦር ሠራዊት ትመስላለች አለ። ጥቁር አልኩት፤ የባለሥልጣን ትመስላለች አለ። ሰማያዊ አልኩት፤ ታክሲ ናት አለ።"

"ቀይ ናት፤ ሌላ መልክ የላትም" አለ ኃይለየሱስ። "ግን ቀይ ከሆነች የኔ አይደለችም።"

"እቤት ነጭ አለኝ፤ አምቡላንስ ስቀባ የተረፈ" አሉ ጋሽ ፈይሳ። "ለብቻው መኪናዋን አያዳርስም። ከዚህ ቀይ ጋር ቢደባለቅ ግን..."

"ቢደባለቅማ ሮዝ ነው የሚሆነው።"

"እኔም ያልኩት እሱን ነው።"

ተሻለች አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። "በሮዝ መኪና የሚመራ ሰልፍ እስከ ዛሬ አላየሁም።"

ኃይለየሱስ ግን አልሳቀም። "እንዲህ ለፍቼ ሠርቼ ከረሜላ ላስመስላት?"

"ይህን ሁሉ ዓመት ስትለፋ" አለች ተሻለች ሳቋን ገታ አድርጋ፣ "አንድ ቀን እንኳ ምን ቀለም ትወጃለሽ ብለኸኝ አታውቅም።"

እውነቷን ነበር። ሳህኑን ተቀበላትና፣ "ምን ትወጃለሽ?" አላት።

"ጀንበር ስትጠልቅ ሰማዩን አይተኸው ታውቃለህ? ከመኪና ሥር ወጥተህ ማለቴ ነው። ቀይ ሊሆን ሲል እንደዚያ የሚሆነውን ነው የምወደው።"

ጋሽ ፈይሳ ነጩን ሊያመጡ ሄዱ። ሲመለሱ ክዳኑን ከፍተው ለኃይለየሱስ ሰጡት። "ሂን ሶዳቲን፤ አትፍራ" አሉት። ነጩ በቀዩ ላይ ሲወርድ ኃይለየሱስ ፊቱን አዙሮ ነበር። ማማሰያውን ግን ለማንም አልሰጠም።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ገርባ ባንዲራውንና መፈክሩን አስይዞ መጣ። መኪናዋ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆማ ታበራለች። ሊቀ መንበሩ አንድ ጊዜ ዞራት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቀይ ነው" አሉ ጋሽ ፈይሳ። "ገና በሽግግር ላይ ነው።"

ገርባ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። መፈክር የያዙትን ሰዎች ወደ ቀበሌ ሸኛቸው። "ይቺን አስቀድሜ ብወጣ አውራጃው እኔኑ ከወንበሬ ያስወጣኛል። በጭነት መኪና እንሰለፋለን።" ከዚያ ወደ ኃይለየሱስ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጄን ዲንቄን ጥር ላይ እድራለሁ። ሙሽሮቹ በዚህች ቢሄዱ..."

ኃይለየሱስ ተሻለችን አያት።

"ለሠርግ እንሰጣለን" አለች እሷ። "ሙሽራው በዝግታ እንዳይነዳ ንገረው እንጂ።"

ገርባ ሁለቴ አመስግኖ ሄደ። ጋራዡ ውስጥ ጎማው የተፈታ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ባለቤቱም ከሰዓት በኋላ እወስዳለሁ ብሏል። ኃይለየሱስ ቱታውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

"ጋሽ ፈይሳ፣ ባለመኪናው ከመጣ ነገ በጠዋት እጨርስልሃለሁ ይበሉልኝ። ሶደሬ ደርሰን እንመጣለን።"

"በሥራ ቀን?" አለች ተሻለች። "ልጆቻችንስ?"

"እነሱን ተራ በተራ እወስዳቸዋለሁ" አለና የአልፋዋን በር ከፈተላት። "መጀመሪያ አንቺ።"