ከወለል እስከ ወንበር

እትዬ አራሚ የሳሎኑን ወለል ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ወለወሉት። እንግዳ ስለሚመጣ አልነበረም፤ የምትመጣው ልጃቸው ናት። ወለሉ ላይ የሚተኙት ግን እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ከአምስት ወር በፊት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ እግራቸው ከድቷቸው ወድቀው ነበር። አጥንታቸው አልተሰበረም። እስከ ዛሬ የሚከነክናቸው ሕመሙ ሳይሆን መነሳት አለመቻላቸው ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጎረቤት ድምፃቸውን ሰምቶ በሩን እስኪያስከፍት ድረስ፣ ጉንጫቸው ከቀዝቃዛው ወለል ጋር ተጣብቆ ቆየ። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጠው የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ሴት ናቸው፤ መጠሪያቸውም ከዚያ የቀረ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ጉልበት የሚባል ነገር እንዳላቸው ትዝ ብሏቸው አያውቅም።

ልጃቸው በዚያው ሰሞን አንድያ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ሸኝታ ነበር። «ከእንግዲህ ብቻሽን አታድሪም፤ እኔ ጋ ትገቢያለሽ» አለች። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ከወሰነች ወሰነች ነው። እናትም በተራቸው እንቢ ካሉ እንቢ ነው። ተኮራርፈው ሰነበቱ። በኋላ ሐኪም ጉልበታቸውን በእንቅስቃሴ እንዲያጠነክሩ ወደ ላካቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ክፍል አብረው ሄደው፣ እዚያው ተቀምጠው ተስማሙ፤ እትዬ አራሚ ሦስት ወር ይሰጣቸው። ሦስተኛው ወር ባለቀበት እሁድ ማንም ሳይነካቸው ከወለል ከተነሱ ቤታቸው ይቀራሉ፤ ካልተነሱ ዕቃቸው ይጫናል።

ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፤ ግን አትቸኩልም።

«እማማ፣ በየቀኑ ሳያጓድሉ የሚያደርጉት ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሻይ አፈላለሁ።»

«እንግዲያው ውሃው እስኪፈላ ድረስ ከወንበር ይነሱ፣ ይቀመጡ። እጅዎን ሳይደገፉ። አምስት ጊዜ ይበቃል፤ ብቻ አይቅር።»

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው ሳይፈላ እሳቸው ይፈሉ ነበር። ሁለቴ ተነስተው ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ «ምን ያለ ውርደት ነው!» ይሉና ማንቆርቆሪያውን እንደ ምስክር በክፉ ዓይን ያዩታል። በሦስተኛው ሳምንት አምስት ሞላ። ከሰዓት በኋላ እስከ መንገዱ ማብቂያ ደርሰው መመለስ ጀመሩ። ጣፋጭ ብስኩታቸውን መተው አቃታቸውና ለእሁድ ብቻ አደረጉት። ጉንፋን የያዛቸው ጊዜ ሁሉም ነገር ዘጠኝ ቀን ተቋረጠ። በአሥረኛው ቀን አፍረው ወንበሩ አጠገብ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ መሐል ላይ የተተወ ዓረፍተ ነገር እንደሚቀጥል ሰው ከተዉበት ቀጠሉ። ወለል ላይ መተኛት የደፈሩት በሁለተኛው ወር ነበር፤ መጀመሪያ ፍራሽ ላይ፣ ኋላ ብርድ ልብስ ላይ፣ በመጨረሻ ባዶው ላይ። ትናንት ሦስት ጊዜ ተነስተዋል።

ልጃቸው አራት ሰዓት ላይ መጣች። የታጠፉ ካርቶኖች በብብቷ ይዛለች። በሩ ጥግ አስደግፋቸው እናቷን ሳመች። እትዬ አራሚ ካርቶኖቹን አዩ።

«እማ፣ ቢቀርስ?» አለች ልጅቱ። «ባትነሺስ?»

«ባልነሳማ ተነጋግረናል» አሉና ጫማቸውን አወለቁ።

ቀስ ብለው ወርደው በጀርባቸው ተንጋለሉ። ከዚያ በጎናቸው ዞሩና በክንዳቸው ወለሉን ገፉ። ጉልበታቸውን ከሥራቸው ሲያስገቡት ግን ተንሸራተተ፤ ትከሻቸው ተመልሶ ወለሉን መታ።

ልጅቱ ዘላ ደረሰች።

«አትንኪኝ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

እንደተጋደሙ ተነፈሱ። ሰው ስለሚያያቸው ቸኩለው ነበር። በሥራ ዘመናቸውም ስህተት ያመልጣቸው የነበረው አለቃ አጠገባቸው ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ልጅቱ የለችም ብለው አሰቡና እንደገና ዞሩ። ክርናቸው፣ ከዚያ መዳፋቸው፣ ከዚያ ሁለቱም ጉልበታቸው መሬት ያዘ። እየዳሁ ወንበሩ ጋ ደረሱ። መቀመጫውን ይዘው ቀኝ እግራቸውን ተከሉ፤ ጭናቸው ውስጥ አንድ ነገር ተንቀጥቅጦ ጸና። ቆሙ። ቀጥሎም ወንበሩን ለቀቁት።

ዞር ሲሉ በልጃቸው ፊት ላይ የጠበቁትን ደስታ አጡት።

«እሺ» አለች ልጅቱ ካርቶኖቹን እያየች። «ቃል ቃል ነው። ትቀሪያለሽ።»

«ምነው ታዲያ ፊትሽ እንዲህ?»

«ምንም። እስቲ እኔም ልሞክረው።»

የቀለደች መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ እናቷ በተነሱበት ቦታ ተንጋለለች። ሳትዞር በቀጥታ ልትነሳ ሞክራ እኩሌታ ላይ ቀረች፤ ወገቧን ይዛ ተመልሳ ተኛች። «በአርባ ሰባት ዓመቴ!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ብዙም ሳይቆይ ከፊቷ ወረደ። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነበር።

«ልጁ ከሄደ ጀምሮ ማታ ስገባ የቤቱን መብራት በሙሉ ነው የማበራው። የማልገባበትን ክፍል ሳይቀር። አንቺ እንድትመጪ የለመንኩት ስለወደቅሽ ብቻ አይደለም፣ እማ።»

እትዬ አራሚ ሦስት ወር ሙሉ ከዚህ ቤት ላለመውጣት ሲታገሉ፣ የጠራቻቸው ልጅ ራሷ እንዴት እንደሰነበተች አንድም ቀን አላሰቡም ነበር። የደከሙት እሳቸው ብቻ ይመስላቸው ነበር። እጃቸውን ሊዘረጉላት አሰቡ፤ ቢስቧት አብረው እንደሚወድቁ ያውቃሉ።

ወንበሩን ያዙ። ቀኝ ጉልበታቸውን አጠፉ፣ ግራውን አስከተሉ፤ ማንም ሳያዛቸው ወደ ወለሉ ወርደው ከልጃቸው አጠገብ ተጋደሙ።

«ስትነሺ መጀመሪያ በጎንሽ ዙሪ» አሏት።

«ትንሽ እንቆይ» አለች።

ወለሉ ለራስ ይቆረቁራል። ክንዳቸውን ከልጃቸው ራስ ሥር አስገቡላት፤ ከባድ ሆኖ አገኙት፤ እንዲህ ካቀፏት ስንት ዓመት እንደሆናቸው ማስታወስ አልቻሉም።

«በይ ንገሪኝ» አሉ። «ልጁ ከሄደ ወዲህ፣ ባዶ ቤት መጀመሪያ የገባሽበት ማታ ምን አደረግሽ?»