የኋላው ጎማ

"ቀስ በል፣ ቀለሙን እንዳትፍቀው!" አለ የክሊኒኩ ዘበኛ፣ የብስክሌቱን መሪ ግጥም አድርጎ ይዞ።

ሰውየው የሰንሰለቱ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ነው የመጣው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ ነው፤ የቁልፉንም መጥፋት በሚስቱ አላከከ። ትልቁን መቁረጫ ከዕቃ ቤት አውጥቶ የሰጠው ራሱ ዘበኛው ነው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ሁለቱም ሳቁ።

"የኋላው ጎማ ለስልሷል፤ እንዲሁ ከነዳኸው ይበላሻል" አለና መንፊያ አምጥቶ፣ ወገቡን እያመመው ነፋለት።

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ!"

"በል፣ በደህና ግባ።" የክሊኒኩን በር ወለል አድርጎ ከፈተለት።

ስድስት ሰዓት ላይ ነርሷ የመድኃኒት ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ከአልጋ የማይነሱ ሕመምተኞችን ቤት ለቤት እየዞረች ቁስል የምታጥበው እሷ ናት። አጥሩ ሥር የጠበቃት የተቆረጠ ሰንሰለት ብቻ ነው።

"ጋሼ ቁልፉ፣ ሳይክሌን አይተውታል?"

የክሊኒኩ ሰው ሁሉ የሚጠራው እንዲህ ነው፤ የክፍሎቹ ቁልፍ ከወገቡ አይለይማ። ዘበኛው ወደ ተቆረጠው ሰንሰለት ዞረ። የእሷ ነው እንዴ? ከገዛችው ሳምንት አልሞላትም፤ ጠዋት ስትገባም በሩ ላይ የነበረው የሌሊቱ ተረኛ ነው። ታዲያ ያ ሰውዬ ሌባ ነበር ማለት ነው? ሌባ እንደዚያ ተዝናንቶ ይስቃል? እሺ፣ እሱ ሌባ ከሆነ መሪውን የያዘለት ምን ሊባል ነው?

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ነርሷ፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ። "ርካሽ ሰንሰለት ገዝቼ! እርስዎ ምን ያድርጉ፤ የፊትም የኋላም በር ለአንድ ሰው።"

"ሲስተር..." ብሎ ጀመረና ተወው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ቢሮው አስጠራው። ከግድግዳው ማስታወቂያ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ለሚጠፋ ንብረት ክሊኒኩ ኃላፊነት አይወስድም ይላል።

"ያዩታል? እኛ የለንበትም። ዘበኛው አይቷል ከተባለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የሚባረሩት እርስዎ ነዎት። ለጡረታ ስንት ቀረዎት?"

"አራት ወር።"

"ስለዚህ የኋላ በር ላይ ነበሩ። ይህንኑ መዝገቡ ላይ ይጻፉና ይፈርሙ።"

"እሷስ?"

"ፖሊስ ጋ ሄዳ ታመልክታ።"

"ማን ወሰደው ልትል ነው? ያየው ሰው ከሌለ..."

"ጋሼ፣ እባክዎ ራስዎን አያድክሙ።"

ዘበኛው በሩ አጠገብ ካለችው ክፍሉ ገብቶ መዝገቡን ገለጠ። ማስታወቂያው ማንም ኃላፊ አይደለም ይላል፤ ነርሷ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች፤ አስተዳዳሪው የለንበትም ይላል። ግራ ገባው። በመስኮቱ ሲያይ ነርሷ ቦርሳዋን ከትከሻ ትከሻ እያዘዋወረች በእግሯ ልትወጣ ነው።

"የኋላ በር ላይ" ብሎ ጻፈ። ሰረዘው። የእሱ ዓይነት ሰው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አያውቅምና የሆነውን እንዳለ አሰፈረው፦ መቁረጫውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። መሪውን ይዣለሁ። በሩን ከፍቻለሁ። ሰውየውን ባየው እለየዋለሁ።

"ሲስተር፣ አንድ ጊዜ ቆዪኝ! ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን" ብሎ በመስኮቱ ተጣራ።

ሊፈርም ሲል እጁ ቆም አለ። ከሁሉ ያሳፈረው ይሄኛው ነው፤ ቢሆንም ከሥር ጨመረው፦ የኋላውን ጎማም ነፍቼለታለሁ።