አባዬ በማስታወቂያው ላይ

የአባቷ ሹራብ ቁልፎች ተዛንፈው መቆለፋቸውን ፀጉር ሠሪዋ ያስተዋለችው ማስታወቂያው አምስት ቀን ሙሉ ከታየ በኋላ ነው። የላይኛው ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል፤ አንገታቸው ሥር አንዱ ጫፍ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሏል። በተቀረጹበት ዕለት ጠዋት ቀና ብላ ሳታያቸው ነበር ከቤት የወጡት። አሁን አገር ምድሩ አይቶታል።

ቴሌቪዥኑ ከመስተዋቱ በላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። በየሩብ ሰዓቱ ድራማው መሃል ላይ ይቋረጥና አባቷ ከጤና ጣቢያው ወንበር ላይ ሆነው፣ ከጀርባቸው መድኃኒት የሞላበት መደርደሪያ እየታየ፣ «የደም ግፊት መድኃኒቴን እዚሁ ከሰፈሬ አገኘሁ» ይላሉ። ከዚያ ዘፈኑ፣ የዕጩው ፎቶ፣ የምርጫ ምልክቱ።

ካስኩ ውስጥ ፀጉሯን የምታደርቀው ደንበኛ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «አባትሽ እኮ ተዋናይ ወጣቸው። ከእንግዲህ እኛን ሰላም ይላሉ?» አለቻት።

ፀጉር ሠሪዋ ፈገግ አለች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ቤት የቀረው መድኃኒት ሁለት ፍሬ ነው። አምና እንዲሁ ተቋርጦባቸው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀዋል። ዘንድሮ ደግሞ መንገድ ላይ ቢሆንስ? ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ሲደወል በጆሮዋ ይሰማታል።

ምሳ ሰዓት ላይ የአባቷን የሕክምና ካርድ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ሰልፉ ከበር ወጥቶ አጥሩን ተደግፏል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ስትደርስ መድኃኒት አዳይዋ ስሙን አንብባ ቀና አለች።

«እኚህ አባት መድኃኒት አገኘሁ ብለው በቴሌቪዥን ሲናገሩ አልነበረም እንዴ?»

«አስብለውት ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አለ ብሎ ይመጣል። መደርደሪያው ላይ ያየሽው እኮ ባዶ ካርቶን ነው። ለቀረጻ ብለው ደርድረውት ማታውኑ አነሱት።»

ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፤ ደክሟታል። ከኋላ ግን አንዱ፣ የማስታወቂያው ቤተሰብ ደግሞ ምን ያሰልፈዋል እያለ አጉረመረመ። ፀጉር ሠሪዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ይበልጥ ያንገበገባት ግን ድምጿን ልትሰጥ ያሰበችው ለዚሁ ዕጩ መሆኑ ነው። ስክሪኑን ሞልተው ከሚጮኹት ሁሉ የሌላውን ኃጢአት ሳይዘረዝር ስለ ጤና ጣቢያ ያወራው እሱ ብቻ ነበር። የመራጭነት ካርዷን ያወጣችው በዚያ ወሬ ተስባ ነው። አሁን ለማን ትስጥ? ወደ ፀጉር ቤቱ ተመልሳ የቴሌቪዥኑን ጣቢያ ስትቀይረው ሌላው ይጮኻል፤ ስታጠፋው የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው በኩል ይቀጥላል።

አመሻሹ ላይ ቤት ስትደርስ አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከቀትር ጀምሮ ስታብላላው የዋለችው ቁጣ አፏ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ያላገኘኸውን አገኘሁ ያልከው ለምንድን ነው?»

«ወንበር አቀረቡልኝ» አሉ። «ስድስት ዓመት ስመላለስ ተቀመጥ ያለኝ የለም። ስምዎ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በሉ ያሉኝን አልኩላቸው።»

ቁጣዋን ዋጠችው።

እራት ሳይቀርብ በሩ ተንኳኳ። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው፤ ያን ማስታወቂያ የቀረጸው። ሰው እንደወደዳቸው፣ ነገ ጠዋት ለሁለተኛው ቀረጻ መኪና እንደሚመጣላቸው ነገራት። እሷም ደጃፉ ላይ እንደቆመች የዋለችበትን ሰልፍና ባዶውን ካርቶን አንድ በአንድ ነገረችው። ሰውየው አልደነገጠም።

«መድኃኒቱን እኔ አመጣላቸዋለሁ» አለ። «የሦስት ወር። ቀረጻው እንዳለቀ እጃቸው ላይ።»

ሦስት ወር። እሺ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ፤ ብታፍርበትም መልሳ አልዋጠችውም።

«ለተሰለፈው ሁሉ ነው?» አሉ አባቷ ከውስጥ።

«ለእርስዎ ነው፣ አባቴ።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። እሷ ሳትዞር የአባቷን ትንፋሽ ታዳምጣለች፤ ግማሽ ልቧ እሺ በል አባዬ ይላል።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል።»

ሰውየው ሳይቆጣ፣ ሌላ ሽማግሌ እንደማይጠፋ ነገራት።

«አይጠፋም» አለችው።

ነገ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ የግል መድኃኒት ቤቶቹን በየተራ ትዞራለች። ባይገኝስ? እስከዚያ አባዬ ቢወድቅስ? ሐሳቧ እንደ ልማዱ ክፉ ክፉውን እየቆጠረ ርቆ ሄደ፤ እጇ ግን በሩ ላይ ነበር። ገፋ አድርጋ ዘጋችውና መወርወሪያውን እስከ ጥጉ ሳበችው።