የታየች ጉንጭ

ልጄ ሥራነሽ ስትሞት ክንዷ እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ነበር። አምበር ከተማ እቤቴ ተኝታ ሦስት ወር ሙሉ ስትከሳ ያየሁ እኔ ነኝ። የሁለት ዓመት ልጇን ታየችን ትታልኝ ሄደች። ይችን እንኳ ዐይኔ እያየ አትከሳም ብዬ ማልሁ።

ጠዋት ጠዋት ቅቤ አስውጣታለሁ። ስትተኛ ጣቴን ማር አጥቅሼ አጠባታለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት እንኳ ማር ሳትልስ አትተኛም ነበር። ጎረቤቴ ይታይሽ፣ “ምን የመሰለች ድንቡሼ ናት!” ስትል ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ፣ “እትፍ በይባት እንጂ!” እያልሁ እጨቀጭቃታለሁ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ሐኪሞች ትምህርት ቤት መጥተው ልጆቹን መዘኑ፤ አፋቸውን አዩ፤ ደም ቀዱ። የኔዋ ሚዛን ላይ ስትቆም ያ ሁሉ ሰው አያት። እትፍ እትፍ አልሁባት። ደሟስ? የተቀዳው ይተካ ብዬ ቅቤውን እጥፍ አደረግሁት።

ጥር ላይ ደብዳቤ መጣ። ዳዊት ደግሜያለሁና ፊደል አያስቸግረኝም፤ ራሴ አነበብሁት። “ክብደቷ ለዕድሜዋ በዝቷል። በደሟ ውስጥ ያለው ስብ ከልክ አልፏል። መንጋጋዎቿ ተበልተዋል። ቅቤና ማር ይቀነስላት፤ ለጥርሷም ሐኪም ቤት ትቅረብ” ይላል።

ደምና ጥርስን ምን አገናኛቸው? ልጄ ወፍራ ዐይናቸው ቀላ፣ አልሁ። ወረቀቱን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ሸጎጥሁት። ደብረ ማርቆስ ልብስ ለሚሰፋው አባቷ ለባምላኩም ትንፍሽ አላልሁ።

ሁዳዴ ገባ። ታየች፣ “ዘንድሮ እኔም እጾማለሁ” አለች። ቅቤው ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ቀሚሷ ሰፋ፤ አንገቷ የእናቷን አንገት መሰለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ማር የፍስክ አይደለም፤ ስለዚህ ማሩን አበዛሁላት።

“እምዬ፣ ጥርሴን” ስትለኝም፣ ማር ቁስል ያደርቃል ብዬ እዚያው ላይ እቀባታለሁ።

አንድ ጠዋት ጉንጯ ሞልቶ አየሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። “ይታይሽ! ነይ እይልኝ፣ ሥጋዋ ተመለሰ!” ብዬ ተጣራሁ።

ይታይሽ ደጃፉ ላይ ቆማ አየቻትና ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። “እት ያለምወርቅ፣ አንዱ ጉንጯ ብቻ እኮ ነው” አለችኝ።

ዳሰስኋት። እሳት ናት። አፏን ልትከፍትልኝ እንኳ አልቻለችም።

በጭነት መኪና ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት አደረስናት። ቁስል አካሚው ድሬሰር እብጠቱን በጥቶ መግሉን አወጣ፤ አራት መንጋጋዋንም ነቀለ። እኔ ውጭ ሆኜ ጩኸቷን ሰማሁ። ሲወጣ፣ “ይኼ ዛሬ የመጣ አይደለም። ማንም አልነገራችሁም?” አለ።

መዋሸት እችል ነበር። ዳዊቴን ከፈትሁና ወረቀቱን ሰጠሁት።

“ደሙና ጥርሱ በምን ይገናኛሉ ብዬ ነው…” አልሁ።

“ሁለቱም ጋ የደረሰው ባንድ አፍ የገባው ነዋ፣ እማማ” አለኝ፤ በቁጣ አይደለም።

ሰምቶ የመጣው ባምላኩ ወረቀቱን ተቀብሎ ቀኑን አየ። “ከጥር ጀምሮ? እርስዎ አንብበውት?”

“እንደ እናቷ እንዳትከሳብኝ ብዬ ነው፣ ልጄ።”

“እናቷን የገደላት ሳንባዋ ነው። ክሳቷ አይደለም” አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ታየችን እሱ ዘንድ አስቀራት፤ እኔ ብቻዬን አምበር ተመለስሁ።

ፋሲካ ሲደርስ ምን እንደምልክላት ጨነቀኝ። ለዚያች ልጅ እጄ የለመደው ቅቤና ማር ነው። አስቤ አስቤ ገብስ ቆላሁ፤ ሽንብራ ጨመርሁበት፤ ይኼስ አይጎዳትም ብዬ በአዲስ አገልግል አድርጌ ደብረ ማርቆስ የምትሄደውን ይታይሽን አስያዝኋት።

በማግስቱ ይታይሽ አገልግሉን እንደያዘች ተመለሰች። መደቡ ላይ አስቀመጠችውና መቀነቷን ታጠብቅ ጀመር።

“አባቷ ነው የመለሰው?” አልኋት።

“የለም፣ እሱስ ተቀብሎ ነበር።”

“ታዲያ?”

“እሷ ናት። አንዲት ፍሬ አፏ ከተተች፤ ወዲያ ወዲህ አለቻትና አወጣቻት። ‘እምዬን አልታኘክ አለኝ በያት’ አለችኝ።”