የዓቢዳ አምሮት

ዓቢዳ ባገባች በስምንተኛው ዓመት አረገዘች፤ አልሐምዱሊላህ! ታዲያ አምሮቷ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሥጋ አይደል፣ ብርቱካን አይደል። «መርሳ፣ ከጓሯችን የሚወርደውን ወንዝ ውሃ ልጠጣ» አለች በስልክ። አላውሃ ተድራ፣ ወንዝ በደጇ እያለፈ፣ የውሃ አምሮት! ታላቅ ወንድሟ ሲራጅ መጀመሪያ ሳቀባት። ደግማ ስትለምነው ግን ሆዱ ባባ። ያረገዘች ሴት አምሮቷ ካልደረሰላት ለፅንሱ አይበጅም ሲባል እየሰሙ ነው ያደጉት።

ችግሩ ሲራጅ የመንደሩ የውሃ አባት መሆኑ ነው። መስኖውን በተራ የሚያካፍልም፣ ያጠፋውን የሚቆጣም እሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ከሩቅ አገር ያገለገለ የውሃ ሞተር ገዝቶ መጣና የመሳቢያ ጎማውን ሳያደርቅ ወንዙ ውስጥ ነከረው። በጎማው ተደብቆ የመጣ፣ ጥፍር የማያክል ባለዛጎል ፍጥረት ወንዙን ወረረው። ድንጋዩን ሸፈነ፣ ቱቦውን ደፈነ፣ የሚዋኙ ልጆችን እግር ሸረከተ። የግብርና ባለሙያዋ «የዛጎሉ ልጆች በዓይን አይታዩም፤ አንድ ጣሳ ውሃ ሌላ ወንዝ ይበክላል» ካለች ወዲህ ሲራጅ ጥሬ ውሃ ከመንደሩ አያስወጣም። በቀደም እንኳ የአንድ የውርጌሳ ሰው ጀሪካን ሰው ፊት ደፍቶበት እስካሁን ተኳርፈዋል። አሁን ለገዛ እህቱ ሊሞላ ነው? ሁለት ቀን ከራሱ ጋር ተሟገተ። በመጨረሻ ውሃውን ቀድቶ፣ በድስት አፍልቶና አቀዝቅዞ ጀሪካን ሞላ። ወልድያ ላይ መኪና ሲቀይር ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለው፣ እንቢ ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ዓቢዳ ደጅ ወጥታ ነው የጠበቀችው። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳትቀመጥ ጣሳ አመጣች። ተጎነጨችና ዓይኗን ጨፈነች። ደግማ ተጎነጨች።

«ይሄ የኛ አይደለም፣ ሲራጄ።»

«አፍልቼው ነው» ሊላት አፉን ከፈተ። አላስጨረሰችውም።

«የኛማ ደለል ደለል ይላል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በደረታችን ተኝተን ስንጠጣው ሽታው አፍንጫችን ላይ ይቀር የለ! ረሳኸው?»

የት ይረሳዋል! ማፍላቱ እንዳላበላሸውም ያውቃል፤ ሲቀዳው ጥሬውን በእፍኙ ቀምሶታል። ያ ዛጎል ደለሉን ሲመጠው ከርሞ ወንዙ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ሽታውም አብሮ ሄዷል። እሷ የምትለው ውሃ ከእንግዲህ የትም የለም። ሲራጅ ራሱ ዳሩ ላይ ቆሞ ሲናፍቀው ነው የከረመው። ይህን በዚህ ሆዷ ይንገራት?

«አንተ! እውነቱን ተናገር። ከየት ነው የቀዳኸው?»

«ወልድያ፣ ከቧንቧ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ወንዝ መውረዱ ታክቶኝ።»

ዓቢዳ ጣሳውን ወረወረችበት። «ሰነፍ! ለእህትህ አምሮት!» ወዲያው ግን ሳቋ አመለጣት። እንዲህ ስትስቅ ከሰማ ስንት ዘመኑ! «አብሽር፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ወንዙ እንደሆነ የት ይሄዳል? ስወልድ የምታረሰው እናንተ ጋ ነው፤ ልጄንም በዚያ ውሃ ነው የማጥበው።»

«ኢንሻአላህ» አለ ሲራጅ። ጀሪካኑን ሊከድን ጎንበስ አለና ቀና ሳይል ቆየ።