የተጠመቁት ክኒኖች

የእህቴ ባል ቨርሊን በእሑድ አምልኮ መሀል ተነሥቶ ከህመም ማስታገሻ ክኒን ነፃ መውጣቱን ሲመሰክር እኔ ፒያኖው ጋ ተቀምጬ ነበር። ድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያ ወድቆ ጀርባውን ከጎዳው ወዲህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ክኒኑን ሳይወስድ የዋለበት ቀን አልነበረም። ሐኪሙ በዚያው ሳምንት «ቀስ እያልን እንቀንስ፤ በየወሩ አንድ አሥረኛ» ብሎት ነበር። ቨርሊን ግን በየወሩ አንድ አሥረኛ የሚለቅ ሰይጣን አይቶ አያውቅም።

በቤተ ክርስቲያናችን፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ ግድግዳው ላይ በረድፍ የተመቱ ምስማሮች አሉ። ከክፉ ልማድ የተላቀቀ ሰው ምልክቱን እዚያ ይሰቅላል። የትምባሆ ቆርቆሮ አለ፣ የቁማር ካርታ አለ፣ የእህት ዞራ የዊስኪ ጠርሙስ አለ፤ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ የተሰቀለ። ቨርሊንም ምእመኑን አስከትሎ ወደምንጠመቅበት ጅረት ወረደና ስልሳ ክኒን አፈሰሰበት። ወጣቱ ፓስተራችን ከርሚት እጁን ዘርግቶ ጸለየ። በዚያ ሳምንት ጀርባውን ያመመው ዓሣ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ቨርሊን ባዶውን የክኒን ብልቃጥ በክር አሥሮ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

ሰኞ ዕለት ሰዉ ተአምሩን ለማየት ድስት ድስቱን ይዞ መጣ። ባቄላ በአሳማ ሥጋ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የሙዝ ፑዲንግ የሚባለው ጣፋጭ። ተአምሩ መጸዳጃ ቤት ነበር። እህቴ ኦርፋ በሩ ላይ ቆማ ጉንፋን ይዞት ነው እያለች ድስቱን ትቀበላለች። ማክሰኞ ተአምሩ ይንቀጠቀጥ፣ ያልበው፣ ያለማቋረጥ ያዛጋ ጀመር። እግሩ ሳያዘው ይራገጣል። ፓስተሩ በስልክ፣ ጠላት ሲለቅ እንዲህ አንፈራግጦ ነው፤ ጽና አለው።

ረቡዕ ጠዋት ኦርፋ ባሏን የመኪና ቁልፍ ሲፈልግ ያዘችው። ጎረቤት ሄዶ ክኒን ሊለምን ነው፤ ካገኘም የድሮውን ያህል በአንድ ጊዜ ሊውጥ። ቁልፉን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችና ክሊኒክ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ነርሷ ሌቲ፣ ለዓመታት የወሰደ ሰው በድንገት እንደማያቆም፣ ሰውነቱ እንደሚያምፅ፣ ተስፋ ቆርጦ በራሱ ላይ የሚጨክንም እንዳለ ነገረቻት። የሰው ክኒን ደግሞ እንዳይነካ፤ ሰውነቱ ለቀናት ከለመደው ርቋልና የድሮው መጠን ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ሐኪሙ ዛሬውኑ አይቶ አነስ ባለ መጠን ያስጀምረዋል፣ ከዚያ በዝግታ ያወርደዋል። የቀሩትን ክኒኖች ይዛችሁ ኑ፣ ሳንቆጥር አዲስ አንሰጥም አለች።

«ጅረት ውስጥ ናቸው» አለች ኦርፋ።

ሌቲ ውሻ የበላው ክኒን ሰምታለች፣ አማች የሰረቀውንም ሰምታለች፤ የተጠመቀ ክኒን ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔስ አምንሻለሁ የኔ እናት። ሐኪሙ ግን ሸጠውታል ነው የሚለው። ያየ ሰው አለ?»

«አርባ ሰው።»

«እንግዲያው አንዱ ጽፎ ይፈርም፤ ዘመድ ግን አይሁን።»

ኦርፋ ለሦስት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ደወለች። ሦስቱም ይጸልያሉ፤ በተአምር ላይ ግን ፊርማ አያኖሩም። የቀረው ፓስተሩ ነው። ቨርሊን ሌላ ማንም ይሁን፣ እሱ ብቻ አይሁን ብሎ ለመነ። «በሰባት ዓመት ውስጥ ሰው እንደ ሰው ያየኝ ባለፈው እሑድ ብቻ ነው» አለ፤ ይህን ሲል አላዛጋም።

ፓስተር ከርሚት በሥራ ቀን ጎማ ይጠግናል። ሦስታችን በኦርፋ መኪና ሄድን፤ ቨርሊን በበጋ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከኋላ ተቀምጧል። ፓስተሩ ኦርፋ ጽፋ የያዘችውን ወረቀት ከሩቅ ሆኖ አነበበው።

«ይህን ከፈረምኩኮ እህት ኦርፋ፣ ቨርሊን ነፃ አልወጣም ማለቴ ነው።»

«ክኒኑ ጅረት ገባ ማለትህ ነው። አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምስክርነት መፍራት የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ከርሚት ጎማውን ማገላበጥ ያዘ። ይህኔ ቨርሊን ከመኪናው ወረደ፤ በሩን ይዞ ቆመ።

«ከርሚት» አለ፤ ፓስተር አላለውም። «ምሰሶ እንዴት ነበር የምንነቅለው?»

በእኛ ሸለቆ ይህን የማያውቅ ወንድ የለም። ከሰሉ ተወስዶ ሲያልቅ ሠራተኛው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጣሪያውን የደገፉትን የእንጨት ምሰሶዎች ያወጣል። አንዱን ይመታል፣ ጣሪያውን ያዳምጣል፣ ከዚያ ሌላውን። ከርሚት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቶሎ ልጨርስ ብሎ ሦስቱን በተከታታይ መታ። በአንገትጌው ጎትቶ ያወጣው ቨርሊን ነው። ጣሪያው ያረፈውም ጀርባው ላይ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም፤ ቨርሊን ራሱ አንሥቶት አያውቅም ነበር።

«አንድ በአንድ ነው» አለ ከርሚት፣ ወደ መሬት እያየ።

«እሑድ ዕለት እኔ ሁሉንም በአንዴ መታሁ። አንተ ደግሞ እጅህን ዘርግተህ አሜን አልክ።»

ከርሚት እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፈረመ። አልጠራለትም፤ ከፊርማው ጎን ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ቀረ። ሌቲ ወረቀቱን ስታይ፣ በዚህ ቢሮ እንዲህ ያለ ማኅተም ገብቶ አያውቅም አለች። ሐኪሙ ቨርሊንን መረመረና ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚሆን ሰጠው። ክኒኑን ቆልፋ የምትይዘው ኦርፋ ሆነች።

በቀጣዩ እሑድ፣ በምስክርነት ሰዓት፣ ቨርሊን ተነሣ። ሰዉ ሃሌሉያውን አፉ ላይ አዘጋጅቶ ጠበቀ። እሱ ግን ወደ ግድግዳው ሄደና ብልቃጡን ከምስማሩ አወረደ።

«ገና አልተላቀቅኩም» አለ። «በየወሩ አንድ አሥረኛ እወርዳለሁ፤ ከከበደኝ ቆም እላለሁ። ዓመት ሊፈጅ ይችላል ተብያለሁ። ይሄን የምሰቅለው ያኔ ነው።»

ቤተ ክርስቲያናችን ለሙሉ ተአምር የሚሆን አሜን እንጂ ለአንድ አሥረኛ የሚሆን የላትም። ፓስተሩ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር የእህት ዞራ ድምፅ መጣ።

«ምነው ዝም አላችሁ? አሥራት ስትከፍሉ የኖራችሁ አይደላችሁም እንዴ?»

ጥቂቶች ሳቁ፤ ፓስተሩ መዝሙር እንድጀምር በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ከአምልኮ በኋላ፣ መኪናው አጠገብ፣ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ወደ ኦርፋ ጠጋ ብለው የነርሷን ስልክ ቁጥር በሹክሹክታ ጠየቋት። አንደኛዋ የሙዝ ፑዲንጉን ያመጣችው ናት። ሁለቱ የክኒን ብልቃጣቸውን ድሮ ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል።