የሻጩ መኪና

አዳዲስ መኪኖች በሚያብረቀርቁበት አዳራሽ ከረባት አስሬ እየሸጥኩ፣ የራሴን አሮጌ መኪና ከሕንፃው ጀርባ ደብቄ አቆም ነበር። የአለቃዬ ትእዛዝ ነው። «የሻጩን ቅራቅንቦ ያየ ደንበኛ አይገዛም» ይላል።

ደንበኛው ግን ሳያየውም አልገዛ ብሏል። የመኪና ዋጋ ሽቅብ ሲጋልብ ደሞዝ እዚያው ተገትሯል፤ ሰዉም ያለችውን እያስጠገነ ይነዳል። አለቃዬ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይተርትበታል። እኔን ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ካልሸጥኩ እንደሚያሰናብተኝ ነገረኝ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቤታችን ውስጥ ሌላ ደሞዝ የለም።

እግዜር ይስጣቸው፣ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ መጡ። ተመላልሰው አይተው ነጯን ወደዷት። አሮጌዋን ሸጠው፣ ያጠራቀሟትን ጨምረው ሊገዙ ነው።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከጋራዥ ጋራዥ መንከራተት አይሰለችዎትም?» አልኳቸው።

«ልክ ነህ ልጄ። ነገ መጥቼ እፈርማለሁ።»

ማታ ለባለቤቴ ተሳካ አልኳት። እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

በማግስቱ የኔዋ ጉደኛ ልክ አዳራሹ ፊት ለፊት ስትደርስ ቀጥ አለች። ወርጄ ስገፋ ከኋላ አንድ ሰው አገዘኝ። ዞር ብል ጋሼ ናቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ያንተ ናት?»

«አዎ።»

«ምነው ታዲያ አትቀይራትም?»

«በምን አቅሜ፣ ጋሼ?» ከአፌ አመለጠኝ።

አልተቆጡም። መኪናዋን ዳር እስክናስይዛት ድረስ ገፉልኝና እጃቸውን አራገፉ።

«እኔንም በምን አቅምዎ አላልከኝም» አሉ። «ይቅርብኝ ልጄ፤ ከማላውቀው መልአክ የማውቀው ሰይጣን ይሻለኛል።»

አሮጌዋን አስነስተው ሄዱ።

አለቃዬ በመስታወቱ ሁሉንም አይቷል። ወሩም አልቋል። ብዙ ሳይናገር አሰናበተኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ግን በር ድረስ ተከተለኝና ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ፣ ያቺን እስካሁን ያቆየልህ መካኒክ ማነው? የኔዋም ሰሞኑን ማሳል ጀምራለች። አዲስ እንዳልገዛ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።»

አባቱ የማያውቀውን ስድብ ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ነገ ሌላ ቦታ ሥራ ስጠይቅ ግን ስለኔ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የመካኒኩን ስልክ ነገርኩት፤ እስኪጽፍም ቆሜ ጠበቅኩት።